ምስክርነት ከግምት ይቀድማል፦ የመረጃ ቋት ጥያቄዎችን መዝግቦ የሥርዓትን መዘግየት ስለ መመርመር፣ በኬንያ የሕክምና መዝገብ ምሳሌነት

መቅድም

በናይሮቢ ከተማ፣ በኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ውስጥ ጽሕፈት ቤቱን ያደረገውና ናስኮፕ በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀው የኬንያ ብሔራዊ የኤድስና የአባላዘር በሽታዎች መቆጣጠሪያ መርሐ ግብር፣ ከአገሪቱ የጤና ተቋማት በየወሩ የሚሰበሰበውን የሕሙማን አኃዝ ሲቀበል፣ ያ አኃዝ ከየት ተነሥቶ በምን መንገድ እንደ ደረሰው የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። ኤምኦኤች 731 በተባለው ወርኃዊ ቅጽ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር፣ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ባለበት ጤና ጣቢያ ሁሉ፣ አስቀድሞ ለመረጃ ቋት የቀረበ ጥያቄ ነበረ። ጥያቄው ፈጥኖ ከተመለሰ የመረጃ ሠራተኛው በሰዓቱ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ሪፖርቱም ቀነ ገደቡን ሳያሳልፍ ይደርሳል፤ ከዘገየ ግን ሠራተኛው ያመሻል፣ ሐኪሙ የበሽተኛውን ማኅደር ለማየት ገጹ እስኪከፈት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ በማለዳ የመጣውም በሽተኛ አግዳሚው ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ቀትር ይሆንበታል።

ሥርዓቱ በዘገየ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወቀሰው ማሽኑ ወይም ኔትወርኩ ነው። ሰርቨሩ አርጅቷል፣ ሌላ ይገዛ፣ ማኅደረ ትውስታው ይጨመር ይባላል፤ ከመድኃኒትና ከደመወዝ የተረፈችው ጥቂት ገንዘብም ለዚሁ ትውላለች። ነገር ግን አዲሱ ማሽን ከተተከለ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው መዘግየት ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፤ የተለወጠው መልስ ሰጪው እንጂ የሚቀርብለት ጥያቄ አይደለምና። የዚህ መጣጥፍ አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም የዘገየን ሥርዓት ለመፈወስ የሚሻ ሁሉ፣ ከማናቸውም መድኃኒት አስቀድሞ፣ ለመረጃ ቋቱ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች በእውነተኛው የሥራ ሰዓት፣ እንደ ቀረቡ፣ ከነፈጁት ጊዜ መዝግቦ መያዝና የያዘውንም በጥሞና ማንበብ ግዴታው ነው የሚል ነው። ያለዚህ የሚሰጥ ፍርድ ግምት ይባል እንደሆነ እንጂ ምርመራ ሊባል አይገባውም። ነገሩ በባዶ አሳብ ብቻ እንዳይቀር፣ በኬንያ የተወለደውንና ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበትን የሕክምና መዝገብ ሥርዓት ለምሳሌ ወስጃለሁ። የተጠቀሱት ዘመናት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የመዝገቡ አመጣጥና የሠንጠረዦቹ አቋም

ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በኤልዶሬት የሞይ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ትምህርት ሲተባበሩ ቆይተው፣ በ2001 በከተማይቱ አቅራቢያ በሚገኘው በሞሶሪዮት ጤና ጣቢያ፣ በማይክሮሶፍት አክሰስ የተሠራ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገብ ሥራ ላይ ዋለ። የኤችአይቪ ሕክምና ሲስፋፋና የሕሙማኑ ቁጥር ሲበዛ ያ መዝገብ ሸክሙን ሊችል እንደማይችል ታወቀ፤ በኢንዲያናፖሊስ የሪገንስትሪፍ ተቋም ባለሙያዎች የሆኑት በርክ ማምሊንና ፖል ባዮንዲች በ2004 ኦፕንኤምአርኤስ የተባለውን፣ ማንም በነፃ ሊወስደውና ሊያሻሽለው የሚችለውን ሥርዓት ጠነሰሱ፤ ሥርዓቱም በ2006 መጀመሪያ በኤልዶሬት ሥራውን ጀመረ። ከዚያ በኋላ የኬንያ ጤና ሚኒስቴር፣ ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር ከተሳሰረው አይቴክ ከተባለው ድርጅት ጋር በመተባበር፣ በዚሁ መሠረት ላይ ኬንያኢኤምአር የተባለውን መዝገብ ከ2012 ጀምሮ አሠራ፤ ይህም በመቶ በሚቆጠሩ የአገሪቱ የጤና ተቋማት ተተከለ። በብዙዎቹ ዘንድ ሰርቨሩ የሚቀመጠው በሩቅ አገር ሳይሆን እዚያው በጤና ጣቢያው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው።

የዚህ መዝገብ አቋም ለምርመራችን መነሻ ስለሆነ ጥቂት ልዘርዝረው። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ስለ በሽተኛው የሚያስመዘግቡት ነገር፣ ክብደትም ይሁን ሙቀት፣ የሲዲ4 ቁጥርም ይሁን በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ ‹ኦብስ› በሚባል አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ይሰፍራል። የሠንጠረዡ እያንዳንዱ ረድፍ ስለማን እንደ ተመዘገበ፣ ምን እንደ ተለካ፣ በየትኛው ጉብኝት፣ በየትኛው ቀን፣ ውጤቱስ ስንት እንደሆነ ይናገራል። የተለካው ነገር በስሙ አይጻፍም፤ ከፅንሰ አሳብ መዝገበ ቃላት በተወሰደ መለያ ቁጥር ይጠቆማል እንጂ። በብዙዎቹ ተቋማት በሚሠራበት መዝገበ ቃላት 5089 ማለት ክብደት፣ 5497 ማለት የሲዲ4 ቁጥር፣ 856 ማለት የቫይረስ መጠን ነው። ይህ አሠራር ታላቅ ጥበብ አለበት፤ ነገ አዲስ ምርመራ ቢመጣ አዲስ ሠንጠረዥ መሥራት ሳያስፈልግ አዲስ መለያ ቁጥር መስጠት ብቻ ይበቃልና። የተሳሳተ ረድፍም አይፋቅም፤ የተሻረ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት ተደርጎበት ለታሪክ ይቀመጣል።

ይሁን እንጂ ጥበቡ ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ጉብኝት 40 ረድፍ ያስመዘግባል ብንልና 5,000 ሕሙማን በዓመት ስድስት ጊዜ ቢመላለሱ፣ ሠንጠረዡ በየዓመቱ 1,200,000 ረድፍ ይጨምራል፤ በሦስት ዓመት 3,600,000 ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ለዓይን ጥቅሻ እንኳ ያህል ያልቆየ ጥያቄ፣ ማንም ምንም ሳይለውጥ፣ በሦስተኛው ዓመት ሰውን የሚያሰለች የሚሆነው ስለዚህ ነው።

2. ጥያቄ በማን ተጽፎ በምን መንገድ እንደሚመለስ

ኤድጋር ኮድ በ1970 የሠንጠረዦችን ሥነ ሥርዓት ለዓለም ካስታወቀና ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በ1974 ኋላ ኤስኪውኤል የተባለውን ቋንቋ ካቀረቡ ወዲህ፣ ጠያቂው የሚናገረው የሚፈልገውን ነገር ብቻ ነው፤ በየት በኩል ተኪዶ እንደሚገኝ የሚወስነው የመረጃ ቋቱ ራሱ ነው። በአይቢኤም ቤተ ሙከራ ፓትሪሺያ ሰሊንገርና ባልደረቦቿ በ1979 እንዳሳዩት፣ የመረጃ ቋቱ ስለ ሠንጠረዦቹ የሰበሰበውን አኃዝ መርምሮ ከብዙ መንገዶች መካከል ወጪው ይቀንሳል ብሎ የገመተውን ይመርጣል። አኃዙ ያረጀ ወይም የሚያመለክተው ኢንዴክስ የሌለ እንደሆነ ግን ሠንጠረዡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ረድፍ በረድፍ ያነብባል። በግጻዌ የዕለቱን ምንባብ ምዕራፉንና ቁጥሩን ዓይቶ ወዲያው የሚገልጥ ካህንና፣ ግጻዌ ባለማግኘቱ መጻሕፍቱን ሁሉ ከጥግ እስከ ጥግ የሚያገላብጥ ካህን ሁለቱም ወደዚያው ንባብ ይደርሳሉ፤ የሕዝቡ ቆይታ ግን አንድ አይደለም። ኢንዴክስ ለመረጃ ቋት የሚሰጠው አገልግሎት ይህን ይመስላል።

በዚህ ላይ ሌላ መጋረጃ ተጨምሯል። ኦፕንኤምአርኤስ በጃቫ የተጻፈ ሲሆን ከመረጃ ቋቱ ጋር የሚነጋገረው በአብዛኛው ጋቪን ኪንግ በ2001 በጀመረው ሃይበርኔት በተባለ መሣሪያ አማካይነት ነው። ፕሮግራመሩ ‹የዚህን በሽተኛ ጉብኝቶች አምጣ› ብሎ በራሱ ቋንቋ ያዝዛል፤ ኤስኪውኤሉን የሚጽፈው ሃይበርኔት ነው። እንግዲህ ነገሩን ልብ ላለው ሰው፣ በሥራው ቀን ለመረጃ ቋቱ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች አብዛኞቹን የጻፋቸው ሰው የለም፤ በምን መንገድ እንደሚመለሱም የወሰነ ሰው የለም። የኮዱን ጽሑፍ ሌሊትና ቀን ቢያነቡት ስንት ጥያቄ እንደሚወጣውና እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ከገጹ ላይ አይገኝም። ሊገኝ የሚችለው ጥያቄዎቹ በሚያልፉበት ሥፍራ ቆሞ በመመዝገብ ብቻ ነው፤ የመመዝገቡም አስፈላጊነት ከባለሙያ ድካም ወይም ከዕውቀት ማነስ የመጣ ሳይሆን ከሥርዓቱ ተፈጥሮ የመነጨ ነው።

3. የመመዝገቡ ሥርዓት

ኬንያኢኤምአር የሚሠራበት የመረጃ ቋት፣ ማይኤስኪውኤል፣ ‹ስሎው ኩዌሪ ሎግ› የሚባል የዘገዩ ጥያቄዎች መዝገብ አለው። መዝገቡ ሲጀመር ዝግ ነው፤ ቢከፈትም ‹ሎንግ ኩዌሪ ታይም› የተባለው ወሰን 10 ሰከንድ ሆኖ ስለሚመጣ፣ ዘጠኝ ሰከንድ ተኩል የፈጀ ጥያቄ ሳይጻፍ ያልፋል። ዘጠኝ ሰከንድ ተኩል ለሪፖርት ትንሽ ቢሆን፣ በሽተኛ ፊቱ ተቀምጦ ገጽ እስኪከፈት ለሚጠብቅ ሐኪም ግን ሥራ የሚያስተጓጉል ነው። ስለዚህ መርማሪው ወሰኑን ማውረድ፣ ለአጭር ጊዜም ዜሮ አድርጎ የቀረበውን ሁሉ ማስጻፍ ይገባዋል።

ወሰኑን ሲያወርድ ሦስት ነገሮችን ያስተውል። መጀመሪያ፣ በጠቅላላ ትእዛዝ የተለወጠ ወሰን የሚጸናው ከትእዛዙ በኋላ በሚከፈቱ ግንኙነቶች ላይ ብቻ ነው፤ ኦፕንኤምአርኤስ ደግሞ ግንኙነቶቹን አስቀድሞ ከፍቶ በክምችት እያቆየ ደጋግሞ ስለሚሠራባቸው፣ አስቀድመው የተከፈቱት በቀድሞው ወሰን ይቀጥላሉ። ይህን ያላወቀ መርማሪ ወሰኑን ዜሮ አድርጎ መዝገቡ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው የመረጃ ቋቱ ንጹሕ ነው ብሎ ይፈርዳል፤ ማድረግ የሚገባው ግን ግንኙነቶቹ እንዲታደሱ አፕሊኬሽኑን ዘግቶ ማስነሣት ነበረ። ሁለተኛ፣ ጥያቄ በዚህ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ የጽሑፉ ተራ የአጀማመሩ ተራ አይደለም፤ ገና በመካሄድ ላይ ያለውም ጥያቄ፣ ምናልባት ሁሉን የሚያስጨንቀው እርሱ ሲሆን፣ ከመዝገቡ ላይ አይታይም። እርሱን ለማግኘት በዚያው ቅጽበት በሥራ ላይ ያሉትን የሚዘረዝረውን ‹ሾው ፕሮሰስሊስት› የተባለውን ትእዛዝ ደጋግሞ መስጠት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ሁሉን መጻፍ ራሱ ሸክም ነው፤ ዲስኩ በጠበበ ሰርቨር ላይ መዝገቡ ተከፍቶ ቢረሳ ሊረዳው የመጣውን ሥርዓት ራሱን ያቆመዋል። ስለዚህ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት አስቀድሞ ተወስኖ፣ የሚዘጋውም ሰው በስም ተለይቶ መታወቅ አለበት።

የሰርቨሩን አቀማመጥ መንካት በማይፈቀድበት ቦታ ሌላ መንገድ አለ፤ ማይኤስኪውኤል ዘወትር በሚያዳምጥበት በ3306 ቁጥር በር የሚያልፈውን የኔትወርክ ትራፊክ ቲሲፒደምፕ በተባለው መሣሪያ መያዝና ኋላ ጥያቄዎቹን ከዚያ ማውጣት ይቻላል። ይህ ግን ግንኙነቱ በምስጢራዊ ጽሕፈት ከተሸፈነ አይሠራም። ድምሩን ብቻ ለሚሻ ደግሞ በማይኤስኪውኤል ዘንድ ፐርፎርማንስ ስኬማ፣ ፖስትግሬስኪውኤል በተባለው ሌላ የመረጃ ቋት ዘንድ ከ2009 ጀምሮ ያለው ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ፣ ጥያቄዎችን በዓይነት በዓይነታቸው መድበው ስንት ጊዜ እንደ ቀረቡና በጠቅላላው ስንት ጊዜ እንደ ፈጁ ይቆጥራሉ። ይህ ሁለተኛው መሣሪያ የኬንያን የጤና አኃዝ ለሚያስተዳድሩት ቅርብ ነው፤ አገሪቱ በ2011 በመላ ግዛቷ የተከለችው፣ የአገራችን የኢትዮጵያም ጤና ሚኒስቴር ኋላ የተቀበለው፣ መሠረቱን ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና አኃዝ ሥርዓት በፖስትግሬስኪውኤል የሚሠራ ነውና።

የሚመዘገብበት ቀንም ያለ ምርጫ አይወሰድም። በኬንያ የወሩ ሪፖርት በሚቀጥለው ወር እስከ 15ኛው ቀን ድረስ ወደ ዲኤችአይኤስ 2 መግባት ስላለበት፣ ቀኑ ሲቃረብ ከየአውራጃው የሚገባው ሰው ይበዛል። በወሩ መጨረሻ ጸጥ ባለ ቀን የተወሰደ መዝገብ ስለዚያ ጭንቅ ሰዓት ምንም አይመሰክርም። በጤና ጣቢያም ቢሆን ሕሙማን የሚበዙበት ጠዋት እንጂ ክፍሉ ባዶ የሆነበት ከሰዓት በኋላ የምርመራ ጊዜ አይደለም።

4. የመዝገቡ ንባብና ትርጓሜው

የተያዘው መዝገብ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ጽሑፍ ስለሚሆን በዓይን ብቻ አይዘለቅም። ፒቲ ኩዌሪ ዳይጀስት የተባለው መሣሪያ በየጥያቄው ውስጥ ያሉትን ስሞችና ቁጥሮች አውጥቶ ቅርጻቸው አንድ የሆኑትን በአንድ ይሰበስባል፤ እያንዳንዱም ዓይነት በጠቅላላው የፈጀውን ጊዜ ደምሮ ከላይ ወደ ታች ይደረድራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሰው አእምሮ ሥራ ነው፤ ትርጓሜውም በሦስት ወገን ይከፈላል።

የመጀመሪያው ወገን ብቻውን የዘገየ ጥያቄ ነው። ለማስረዳት ያህል፣ ከላይ በገመትነው ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይገኛል እንበል፦ የፈጀው ጊዜ 14.2 ሰከንድ፤ ቁልፍ ሲጠብቅ የቆየበት ጊዜ ከሰከንድ ሺሕኛ እጅ ያነሰ፤ የመለሰው ረድፍ 1፤ የመረመረው ረድፍ 3,600,000። ጥያቄው ባለፈው ወር ምርመራ የተመዘገበላቸው ሕሙማን ስንት እንደሆኑ የሚቆጥር ነው። አራቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያነበበ ሰው ነገሩን ይረዳል። ቁልፍ ስላልጠበቀ ያገደው ሌላ ሠራተኛ አልነበረም፤ አንድ ረድፍ ለመመለስ የሠንጠረዡን ረድፍ ሁሉ ስለመረመረ ግን መንገዱ ጠፍቶታል። ከዚያ ‹ኤክስፕሌን› የተባለውን ትእዛዝ በጥያቄው ፊት አስቀምጦ የመረጃ ቋቱን መንገዱን እንዲናገር ቢያዝዘው፣ ሠንጠረዡን በሙሉ እንዳነበበ ‹ኦል› በሚለው ቃል ይነግረዋል። የምርመራው ቀን ዓምድ ኢንዴክስ እያለው ይህ እንዴት ሆነ ብሎ የጥያቄውን ቃል ሲመለከትም፣ ጥያቄው ከእያንዳንዱ ረድፍ ቀን ላይ ዓመቱንና ወሩን በስሌት እያወጣ ያነጻጽር እንደ ነበረ ያገኛል፤ ኢንዴክሱ የተደረደረው በቀኑ እንጂ ከቀኑ በተሰላው ነገር አይደለምና ሳይጠቅም ቀረ። ያንኑ ጥያቄ ‹ከወሩ መጀመሪያ ቀን ጀምሮ እስከ ሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ቀን በፊት› በሚል ቃል ቢጽፉት፣ የሚመረመረው ረድፍ የአንዱ ወር፣ ይኸውም 100,000 ያህል ብቻ ይሆናል። ማሽን አልተገዛም፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ተቃና።

ሁለተኛው ወገን ከዚህ ይልቅ ስውር ነው። አንድ ገጽ በዕለቱ ቀጠሮ ያላቸውን 200 ሕሙማን ይዘረዝር ዘንድ በአንድ ጥያቄ የሕሙማኑን ዝርዝር ያመጣል፤ ከዚያም ስለ እያንዳንዱ በሽተኛ ስሙን በአንድ፣ የካርድ ቁጥሩን በአንድ፣ የመጨረሻ ጉብኝቱን በአንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ድምሩ 601 ይሆናል። እያንዳንዱ ጥያቄ 4 ሺሕኛ ሰከንድ ቢፈጅ፣ ገጹ ለመረጃ ቋቱ ብቻ ከሁለት ሰከንድ ተኩል ጥቂት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ በአንድ ሰከንድ ወሰን በተከፈተ መዝገብ ላይ ግን ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱ እንኳ አይታይም። ያ ገጽ በቀን 300 ጊዜ ቢከፈት ለመረጃ ቋቱ የሚቀርበው ጥያቄ 180,000 ያልፋል፤ ጊዜውም ተደምሮ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይሆናል። ሁሉ የሚያማርረው ሪፖርት ግን በቀን አንድ ጊዜ 14 ሰከንድ ብቻ ነው የሚወስደው። ከጥቂቱ ይልቅ ብዙውን፣ ከረጅሙ ይልቅ ተደጋጋሚውን ለማየት የሚያስችለው ድምር ነው፤ ወሰኑንም እስከ ዜሮ ማውረድ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

አፕሊኬሽኑና የመረጃ ቋቱ ተራርቀው የተቀመጡ እንደሆነ የዚህ ዓይነቱ ስሕተት ዋጋ እጅግ ይከብዳል። ሲኮምና ቲምስ የተባሉት የባሕር ሥር ኬብሎች በ2009 ሞምባሳ ከመድረሳቸው በፊት የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት በአብዛኛው በሳተላይት ላይ የቆመ ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ጥያቄ ወጥቶ ወርዶ መልሱም ወጥቶ ወርዶ እስኪመጣ ብርሃን በሚሮጥበት ፍጥነት እንኳ ሰከንድ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። እንዲህ ባለ መንገድ 601 ጥያቄ ተራ በተራ የሚልክ ገጽ አምስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ያስጠብቃል፤ ሦስት ወይም አራት ጥያቄ ብቻ የሚልከው ግን በሁለት ሰከንድ ይከፈታል። ኬብሉ ከመጣ ወዲህ ርቀቱ ቢያጥርም ሥሌቱ አልተሻረም፤ ጥያቄዎችን በመዝገብ የቆጠረ ሰው ወቀሳው የኔትወርኩ ይሁን የፕሮግራሙ በቁጥር ለይቶ ይናገራል።

ሦስተኛው ወገን ጥያቄ በሌለበት ሥፍራ የሚገኝ ነው። ገጹ ለመከፈት ስምንት ሰከንድ ወስዶ በነዚያ ስምንት ሰከንዶች ውስጥ የመረጃ ቋቱ የሠራው ተደምሮ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ከሆነ፣ የቀረው ሰባት ሰከንድ ተኩል በሌላ ሥፍራ ጠፍቷል። በሃይበርኔት በሚሠሩ ሥርዓቶች ዘንድ ይህ የታወቀ ነው፤ በአንድ የሥራ ጊዜ ብዙ ሺህ ረድፍ ወደ ማኅደረ ትውስታ ተጭኖ ሳይለቀቅ ሲቀር፣ ሃይበርኔት አንዳች ነገር ተለውጦ እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም እየመላለሰ ይፈትሻል፤ ይህም ፍተሻ ኤስኪውኤል ሳይወጣው ጊዜ ይበላል። እንዲህ ሲሆን ኢንዴክስ መጨመር ከንቱ ድካም ነው። ጥያቄን መመዝገብ የሚጠቅመው የመረጃ ቋቱን ለመክሰስ ብቻ አይደለም፤ ንጹሕ ሲሆንም ነፃ ያወጣዋል።

5. ስለ መድኃኒቱና ስለ ማረጋገጫው

ደዌው ከታወቀ በኋላ የመድኃኒቱ ምርጫ ይቀላል። መንገድ ለጠፋበት ጥያቄ ኢንዴክስ ይሠራለታል ወይም ቃሉ ይቃናል፤ ለተደጋጋሚው፣ ብዙዎቹ በአንድ ተጠቃለው እንዲጠየቁ ፕሮግራሙ ይታረማል። ኢንዴክስ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም፤ አዲስ ረድፍ በገባ ቁጥር እያንዳንዱ ኢንዴክስ አብሮ መታደስ ስላለበት፣ ንባብን ለማፋጠን ያለ ልክ የተደረደሩ ኢንዴክሶች ጽሕፈትን ያዘገያሉ። ‹ኦብስ›ን በመሰለ፣ ቀኑን ሙሉ በሚጻፍበት ሠንጠረዥ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሪፖርቶቹን ችግር የኬንያኢኤምአር ሠሪዎች ከሥሩ የፈቱበት መንገድ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ሐኪሙ የሚጽፍበትን ሠንጠረዥ ሳይነኩ፣ ከእርሱ የተቀዳ፣ ለሪፖርት የተሰናዳ ሌላ የመረጃ ቋት አበጁ፤ በዚህም ውስጥ የአንድ በሽተኛ አንድ ጉብኝት፣ በአርባ ረድፍ ተበታትኖ የነበረው፣ ክብደቱም የቫይረስ መጠኑም የየራሱ ዓምድ ተሰጥቶት በአንድ ረድፍ ይሰፍራል። ሪፖርት የሚጠይቅ ከዚህ ይጠይቃል፤ ሐኪሙን አያውክም። ዲኤችአይኤስ 2 ለትንተና የሚሆኑ ሠንጠረዦችን ለብቻ ማዘጋጀቱም ከዚሁ አሳብ የተቀዳ ነው።

ነገር ግን መድኃኒት ሰጥቶ መሄድ የምርመራ ፍጻሜ አይደለም። በፊት መዝገብ በተወሰደበት በዚያው የሳምንት ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወሰን፣ ሁለተኛ መዝገብ ተወስዶ ከመጀመሪያው ጋር መነጻጸር አለበት። ከዝርዝሩ ራስ ላይ የነበረው ጥያቄ ከወረደ፣ በእርሱ ፋንታ የወጣው የትኛው እንደሆነ ይታይ፤ ካልወረደ፣ የታመነበት ምክንያት ምክንያት አልነበረም ማለት ነው፤ የተጨመረውም ኢንዴክስ ያለ ሥራ ሸክም ሆኖ እንዳይቀር ይነሣ።

6. በእንተ ምሥጢር ጥበቃ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በጥበብ ረገድ ነበር፤ ከጥበቡ ያላነሰ ክብደት ያለው ግን የሕሙማኑ አደራ ነው። የተመዘገበ ጥያቄ ባዶ ቃል አይደለም። ‹ስሙ እንዲህ የሆነውን ሰው የቫይረስ መጠን አምጣ› የሚል ጥያቄ ስሙንና በሽታውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አጣምሮ ይይዛል። ማኅደሩ በይለፍ ቃል የተጠበቀ በሽተኛ፣ ለምርመራ ተብሎ በተከፈተና ተረስቶ በቀረ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ስሙ ተገልጦ ሊገኝ ይችላል።

ኬንያ በዚህ ጉዳይ ላይ በሕግም በፍርድም ተናግራለች። በ2006 የወጣው የኤችአይቪና የኤድስ መከላከያና መቆጣጠሪያ ሕግ የምርመራን ውጤት ያለ ፈቃድ መግለጥን ከልክሏል፤ በ2019 የወጣውም የመረጃ ጥበቃ ሕግ የጤናን ሁኔታ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ወገን መድቦታል። በ2015 ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ተማሪዎች በስም ተለይተው እንዲመዘገቡ የተሰጠው የመንግሥት መመሪያ በኬሊን የሕግ ተሟጋች ድርጅትና በሌሎች አመልካቾች ክስ ቀርቦበት፣ የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2016 መመሪያው ሕገ መንግሥቱን የሚፃረር ነው ሲል ፈረደ። የዚያ ፍርድ መንፈስ ለመርማሪ ባለሙያም ይደርሳል፤ ስምን ከበሽታ ጋር አጣምሮ የሚይዝ ዝርዝር፣ ለበጎ አሳብም ቢሆን፣ ያለ ጥበቃ ሊሠራ አይገባምና። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ስለ ታወጀ፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ከዚህ ግዴታ ውጪ አይደለም።

እንግዲህ ሥርዓቱ ይህ ይሁን፦ መዝገቡን የሚያነብበው መብቱ የተሰጠው ሰው ብቻ ይሁን፤ ትንተናው እዚያው በሰርቨሩ ላይ ይካሄድ፤ ወደ ውጭ የሚላከው ስምና ቁጥር የወጣለት የጥያቄ ቅርጽ ብቻ ይሁን፤ ሥራው ሲፈጸም ጥሬው መዝገብ ይደምሰስ። በዚህም ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ፒቲ ኩዌሪ ዳይጀስት ጥያቄዎቹን በቅርጻቸው ቢሰበስብም፣ በሪፖርቱ ውስጥ ለየዓይነቱ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ከነስሙና ከነቁጥሩ ምሳሌ አድርጎ ያስቀምጣል። ሪፖርቱ የተጣራ መስሎት ለባልደረባው የሚልክ ባለሙያ የሕሙማንን ስም አብሮ ይልካል፤ ስለዚህ ምሳሌዎቹ ሳይወጡ ሪፖርቱ ከእጁ አይውጣ።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ሐተታ የሚወጣው ትምህርት በናይሮቢም በአዲስ አበባም አንድ ነው። የሕክምና መዝገብ የሚያስተዳድር ሚኒስቴር ወይም ሆስፒታል፣ ስለ መዘግየት አቤቱታ በቀረበለት ጊዜ፣ የማሽን ግዢ ከመፈቀዱ በፊት በሥራ ሰዓት የተወሰደ የጥያቄዎች መዝገብና ትርጓሜው እንዲቀርብለት ደንብ ቢያወጣ፣ ብዙ ገንዘብ ከከንቱ ወጪ ይድናል፤ የሚገዛውም ማሽን ቢኖር በማስረጃ ይገዛል። የኮምፒዩተር ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ ተማሪው ጥያቄ መጻፍን ብቻ ሳይሆን፣ እርሱ ያልጻፈውን ጥያቄ መዝግቦ ማንበብን፣ ያነበበውንም በድምር መመዘንን፣ የመዘነውንም ከሕሙማን ምሥጢር ጋር አስማምቶ መጠበቅን እንዲማር ቢያደርጉ፣ ከሚያስተምሩት ሁሉ ይህ በጤና ጣቢያ ውስጥ ፍሬው ፈጥኖ የሚታይ ዕውቀት ይሆናል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ በነፃ የሚገኝ ነው፤ የሚጎድለው ከመፍረድ በፊት የመመርመር ልማድ ነውና፣ እርሱን መትከል የኛ የባለሙያዎቹና የመምህራኑ ግዴታ ነው።